ማን ያውቅዎታል?

«ጎንደር ውስጥ ለድሃ የሚደረግ ነገር የለም» የሚል ሰው ሳገኝ እከራከራለሁ። አለ። ጤና መድህን አለ፣ ሴፍቲኔት አለ፣ የቀበሌ ቤት አለ። እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ዘካው አለ። የዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፣ በጠዋት ቦርሳቸውን አንግተው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች አሉ። ስደረድረው እኔንም ይገርመኛል። ታዲያ ይሄ ሁሉ እያለ እዚሁ ደጃችን ላይ፣ ሁላችንም በባጃጅ እያለፍናቸው የሚወድቁት ሰዎች ከየት ይመጣሉ?

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ደሞዝ የለውም፣ ምስጋናም የለውም፣ ወቀሳ ግን እንደ ልብ ነው። ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚመጣው ወደዚህ መዝገብ ነው። ማስረጃ ጻፉልኝ፣ ማህተም አድርጉልኝ፣ ቀበሌ ድረስ አብራችሁኝ ሂዱ ይላል። አብሬ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ ታዲያ፣ የትኛውም ቢሮ ይሁን፣ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ «ማን ያውቅዎታል?» የሚያውቀው ሰው ያለው ይገባል። የሌለው ችግሩ ቢብስም ደጅ ይቀራል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነገር ነው።

ጤና መድህኑን እንውሰድ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አማራ ክልል አንዱ ነበር። አሁን ከተማችን ውስጥ ደብተሩን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ነጋዴው፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ የቀን ሠራተኛው በቤተሰብ ይመዘገባል፣ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ዓመቱን ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት፣ በቀበሌው አነጋገር «የድሃ ድሃ» ለሚባሉት፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ከኪሳቸው ሳንቲም አያወጡም። ይሄ በእውነት ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲታመም ጌጥ ይያዝ የነበረበት፣ ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ይሸጥ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

የድሃ ድሃ የሚመረጠው በማን ነው? በእኛው ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ ስም ይነሳል።

«እሳቸው ይመዝገቡ፣ ምንም የላቸውም።»

«ኧረ ልጃቸው አረብ አገር ናት!»

«አረብ አገር ሆና ምን ላከች? ጎረቤታቸው እኔ አይደለሁ እንዴ! ባለፈው ፋሲካ ዶሮ የገዛንላቸው እኛ ነን።»

እንዲህ ይባባላሉ። አንዳንዴ ይጣላሉ። ለማንኛውም ግን እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ማን ጭስ እንደሚያጨስና ማን ጦሙን እንደሚያድር ያውቃል። ይሄን የትኛውም ኮምፒውተር አያውቀውም። በርግጥ ቂምም አብሮ ይቀመጣል። ከዓመታት በፊት በአጥር የተጣላ ሰው ስሙ ሲነሳ ዝም ይባላል። ዘመድ ያለው ደግሞ ሦስት ሰው ይናገርለታል። ግን እኔን ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ፣ ስሙ ጭራሽ የማይነሳው ነው። ማንም አልጠላውም። ማንም አያውቀውም፣ በቃ።

አንዲት እናት አሉ። ከበለሳ መጥተው እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ቆሎ እየቆሉ ይሸጣሉ፣ ያው ጉልበታቸው በፈቀደላቸው ቀን። ስኳር አለባቸው። ድህነታቸውን ለማየት ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም ነበር። መዝገብ ላይ ግን የሉም። መድህን ሊመዘገቡ ሲሄዱ የቀበሌ መታወቂያ ተባሉ። መታወቂያ ሊያወጡ ሲሄዱ ከመጡበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ ተባሉ። መሸኛውን ለማምጣት ደግሞ መንገዱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የክልላችን መንገድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ክፍት ነው ሲባል መኪና አይገኝም፣ መኪና ሲገኝ መንገዱ ተዘግቷል። ቢደርሱስ፣ የገጠሩ ቀበሌ ቢሮ ሰው ይኑርበት አይኑርበት ማን ያውቃል።

በዚያ ላይ አከራያቸው አለ። «አዎ፣ እኔ ጋ ተከራይተው ይኖራሉ» ብሎ አንድ ወረቀት ላይ ቢፈርም ነገሩ ይቀል ነበር። አልፈርምም አለ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ለበዓል ሥጋ ይልክላቸዋል፣ ኪራይ ሲያዘገዩም ዝም ይላቸዋል። የፈራው የኪራይ ግብሩን ነው። ተከራይ አለኝ ብሎ ከፈረመ ግብር ቢሮው ነገ በሩን የሚያንኳኳ ይመስለዋል። ስንት ተከራይ በዚህ ምክንያት በስውር እንደሚኖር ቤት የተከራያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ የእድራችን ሊቀመንበር፣ የንስሐ አባታቸውና እኔ ሆነን ምስክርነት ፈረምንላቸው። ቀበሌ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነገሩ ገብቷት፣ ከአለቃዋም ተከራክራ፣ የነዋሪነት ማስረጃ አወጣችላቸው። እግዜር ይስጣት። ያ ሁሉ አልቆ ወረቀቱ ሲሞላ የዓመቱ ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። ቀጣዩን ዓመት ጠበቁ። የስኳር በሽተኛ አንድ ዓመት ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ሐኪም ጠይቁ። አሁን ደብተራቸው በእጃቸው ነው። ደብተሩ እያለ አንዳንዴ መድኃኒቱ የለም፣ «ውጭ ግዙ» ይባላሉ፤ ይሄ እንግዲህ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

እዚህ ላይ እያለሁ ግን የሚጠቅም ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በመድህን ደብተር በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አይቻልም፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ላይ። ሪፈር ሳይዝ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መነጽር መድህኑ አይሸፍንም። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ግን መድህን ለሌለውም በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ናቸው። ደብተር የለኝም ብላ ቤቷ የምትወልድ ሴት ካወቃችሁ ይሄን ንገሯት።

ወደ ሴፍቲኔቱ ልለፍ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ጎንደር አልነበረችበትም፤ ከክልላችን የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። ቆይቶ ፕሮግራሙ ወደ 83 ከተሞች ሲሰፋ ነው ወደ እኛም የመጣው። ጉልበት ያለው ሰው ይሠራል፦ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ችግኝ ይንከባከባል፤ ክፍያው በባንክ ይገባለታል፣ ከክፍያው ላይም 20 በመቶውን ይቆጥባል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም ያረጀው፣ ሕመምተኛው፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶው በሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ነበር የታሰበው።

ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ይታያሉ። ማለዳ ሲጠርጉ ሰላም እንላቸዋለን። አንዳንዶቹ በቆጠቡት ብር ዶሮ ማርባት ጀምረዋል፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ታቀርባለች። ስለነሱ ደስ ይለኛል። ቀጥታ ድጋፍ የሚገባቸው ግን ቤት ውስጥ ናቸው፣ አይታዩም። አልጋ ላይ የዋለን ሰው ለኮሚቴው ማን ይናገርለታል? ስም ዝርዝሩ ቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ያቅርብ ይባላል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን እስኪ አስቡት፤ የማይራመድ ሰው ሰሌዳው ጋ አይደርስም፣ ዓይነ ስውር አያነበውም፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ደግሞ ቢያዩትም ያው ነው። ቅሬታ የሚያቀርቡት ቅሬታ ማቅረብ የሚችሉት ናቸው።

ስለ ቀበሌ ቤት አንድ ነገር ልበል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ ቤት ወደ ቀበሌ ገባ። ያኔ በነዚያ ቤቶች የገቡ ወጣቶች ዛሬ ሽማግሌና አሮጊት ሆነዋል፣ እና አብዛኞቹ ጡረታ የላቸውም፤ ጡረታ ተቀጥሮ ለሠራ ሰው ነው፣ ጠላ ስትጠምቅ ወይ ሲሸከም ለኖረ አይደለም። ጣሪያቸው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግን ኪራዩ የሻይ ዋጋ አይሆንም። ለእኔ ከሁሉም ድጋፍ ትልቁ ይሄ ነው፤ ሪፖርት ላይ ግን አይጻፍም። ከኪራዩ ሌላ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ስለኖሩ ሰው ያውቃቸዋል። ቀበሌው መዝገብ ላይ አሉ፣ እድር ውስጥ አሉ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ በስማቸው ትጠራቸዋለች። እኩል ድሃ የሆኑ ሁለት እናቶች ቢኖሩ፣ አንዷ የቀበሌ ቤት፣ አንዷ የግለሰብ ቤት ተከራይ፣ የመጀመሪያዋ ዝርዝሩ ላይ የመግባት ዕድሏ በብዙ ይበልጣል። እኔ እንዳየሁት ነው የምላችሁ።

ለዚህ ነው ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው ስለ መብራቱና ስለ እግረኛ መንገዱ ብቻ ማሰብ ያቃተኝ። ከተማዋ አምሮባታል፣ አልክድም፣ ማታ ማታ ወጥቼ እንሸራሸርበታለሁ። ነገር ግን ሰፈር ሲነሳ ምስክርም ይበተናል። አዲስ ቦታ ላይ የተሻለ ቤት ያገኘ ሰው እንኳን «ማን ያውቅዎታል?» ሲባል የሚጠራው ስም የለውም። ቤት ሲሰጥ የድሮ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ቢደረጉ ምን ያህል እንደሚያቀል የሚያስብ ባለሙያ ይኖር ይሆን? ቢኖር ይደውልልኝ፣ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ወደ እድር። ሰው ስለ ቀበሌ ሲያማርር ደስ ይለዋል፣ ስለ እድር ሲባል ግን ሁሉም ያመሰግናል። እኔ ጸሐፊው ስለሆንኩ ልናገር። እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ድስቱና ሳህኑ ተቆጥሮ ንብረት ያዡ ጋ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት ጥሩንባው ይነፋል፣ በሰዓቱ ድንኳኑ ይተከላል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ወንዶቹ ያድራሉ። እንከን የለውም። የሞተ ሰው በጎንደር ከተማ አይቸገርም።

ችግር ያለው በሕይወት ያለው ነው። ደንባችን ላይ ስለ ሕመም የተጻፈው አንድ መስመር ነው፣ እሱም «ታማሚ ይጠየቃል» ይላል። መዋጮ ሳይከፍል የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱን ሳይከፍል ከቆየ ይሰረዛል። እና መዋጮ የሚያቆመው ማን ነው? ያው የቸገረው ነው። ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ሲታመም፣ ባል ሲሞትባት መጀመሪያ የሚቀረው የእድር ብር ነው። ያን ጊዜ እኔ ቀይ ብዕር አንስቼ ስሙን እሰርዛለሁ። ከእድር የወጣ ሰው ከለቅሶው ይቀራል፣ ከለቅሶው የቀረ ከወሬው ይወጣል፣ ከወሬ የወጣ ደግሞ ስብሰባ ላይ ስሙን የሚያነሳለት አይኖርም። ወር ሙሉ ሳያዩት ቢቀሩ እንኳ «የት ሄደ?» የሚል ይጠፋል።

አዲስ ገቢው ደግሞ የባሰ ነው። እድሩ ንብረት ባፈራ ቁጥር መግቢያው ይጨምራል፤ ነባሮቹ ለዓመታት ያዋጡበትን ድንኳን አዲሱ ሰው በነጻ እንዲቀመጥበት አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው። ግን ከጭልጋ ወይ ከአርማጭሆ ተፈናቅሎ ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው፣ ወይ ደግሞ በ2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው፣ ያን የመግቢያ ብር ከየት ያመጣዋል? አይገባም። ግድግዳ ተዋስነን እየኖርን አንተዋወቅም።

ከዚህ የተለየ እድር የለም እያልኩ አይደለም። ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሁሉ በሚያስለቅስበት ዘመን በየከተማው ወላጅ ያጡ ልጆችን ደብተርና ዩኒፎርም የገዙ፣ የታመመውን ያስታመሙ እድሮች ነበሩ። ለሞት ብቻ የተባለው ለሕይወትም መሥራት እንደሚችል ያኔ ታይቷል። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ወዳጆቼም ዘካውን ሲያወጡ፣ ከ40 አንዱን እጅ ማለት ነው፣ ተቀባዩን ሲመርጡ የማየው አለ። «አባል ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ተቸግሯል ከተባለ በቂ ነው። መስጊድ በራፍ ላይ ስሙን የማያውቁት ሰው ቢቀመጥ እንኳ በረመዳን ማፍጠሪያ አያጣም።

አሁን ደግሞ ሁላችንም ስለምናልፋቸው ልጆች። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። አቋቋም (የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ) መማር የፈለገ ከጎጃምም ከወሎም ከሸዋም የበአታን ደብር ብሎ ይመጣል፤ ምስክሩ እዚያ ነውና። ጎንደሬ በዚህ ይኮራል፣ እኔም እኮራለሁ። ልጆቹ ግን፣ አንዳንዱ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም፣ ጭቃ ጎጆ ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ። ቀን አኩፋዳቸውን ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ይዞራሉ። ውሻ ይነክሳቸዋል። እከክ ይይዛቸዋል። በክረምት ቅማል ያመጣው የግርሻ ትኩሳት ይጥላቸዋል። ቁራሽ የሚሰጣቸው ሰው አያጡም፤ ይሄ ሕዝብ ለቆሎ ተማሪ እንጀራ አይነፍግም። ሲታመሙ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ምክንያቱም መድህኑ የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። የቆሎ ተማሪ ቤተሰብ ማን ነው? እናትና አባቱ ሩቅ አገር ናቸው። የኔታ አሉ፣ የኔታ ግን ራሳቸው በምጽዋት የሚኖሩ ዓይነ ስውር መምህር ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሁሉንም ተማሪ ስም በቤተሰባቸው ሥር ማስመዝገብ አይችሉም። ልጁ መታወቂያ የለውም፣ ዕድሜውም አልደረሰ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለማይማር የትምህርት ቤት መዝገብ ላይም የለም። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ይሄ ልጅ ጎንደር ውስጥ የለም። ድምፁን ግን ጠዋት ጠዋት በራችሁ ላይ ትሰማላችሁ።

አንዳንድ ደብር ማስረጃ ይጽፋል፣ አንዳንድ ጤና ጣቢያም ማስረጃውን አይቶ በነጻ ያክማል፤ እንደ ሠራተኛው ቅንነት ነው። ሰፈራችን ያሉ ሴቶች ደግሞ ከቡና ጨዋታ ተነስተው የጀመሩት ነገር አለ። በወር አንድ ቀን የልጆቹን ልብስ ሰብስበው በፈላ ውኃ ይቀቅላሉ፣ ፀጉራቸውን ያስላጫሉ፣ ሳሙና ያድላሉ። ሳሙና! የሰው ልጅ ከግርሻ የሚተርፈው በሳሙናና በፈላ ውኃ ነው እንጂ በስብሰባ አይደለም። አንድም ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን አልቆረጠበትም፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል እስካሁን የዘለቀው።

ሪባን ስል ትዝ አለኝ፣ የበዓል ማዕድ ማጋራት። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲደርስ ዘይትና ዱቄት ይታደላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። የቤት እድሳቱን በጣም እወደዋለሁ፣ ልጆቹ እውነትም ጭቃ አቡክተው ቆርቆሮ መትተው ነው የሚሄዱት፤ የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያው ሲደፈን ምን ያህል እፎይ እንደሚያሰኝ ያየ ያውቀዋል። ዘይቱ ላይ ግን ቅር የሚለኝ አለ። አንዲት አሮጊት አምስት ሊትር ዘይት ታቅፈው በአምስት ሰው መካከል ፎቶ ሲነሱ አያለሁ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። እሳቸው ማን እንደሆኑ፣ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ልጆቻቸውን ያጋቡት ዘመዶች ሁሉ ያዩታል። ድህነት ወንጀል አይደለም ግን ማንም ሰው ድህነቱን ፎቶ አንሡልኝ አላለም። ስጡ፣ ካሜራውን ተዉት።

አካል ጉዳት ያለባቸውን በተመለከተ ጎንደር ከብዙ ከተማ የተሻለ ነገር አላት። ዩኒቨርሲቲው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚያካሂደው ማህበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራም አለ፤ ሠራተኞቹ ቤት ድረስ ሄደው፣ ለምሳሌ የማይቀመጥ ልጅ ያላትን እናት፣ ልጁን እንዴት እንደምታንቀሳቅሰውና እንደምታበላው ያሳዩዋታል። ቤት ድረስ መሄዱ ነው ቁልፉ። ልጇን ከጎረቤት የደበቀች እናት ቢሮ አትመጣም፣ አንድ ሰው ግን በሯን ካንኳኳ ትከፍታለች።

ሕጉም የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን መርዳት እንዳለበት ይናገራል። የ2001 የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት ሆኖ መሠራት አለበት ይላል። ከዚያ በኋላ ግን፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚወስን አንድ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ጉዳይ ይዞ አብሮኝ የሄደ በክራንች የሚሄድ ወዳጄ ደረጃው ሥር ተቀምጦ እኔ ወደ ላይና ወደ ታች ስመላለስ ቆየ። «አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ አካል ጉዳተኛው?» እያለ ይስቅብኛል፣ እኔ ላቤን ስጠርግ።

የሕግ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ለልጆቿ ቀለብ እንዲቆረጥላት፣ ውርስ የተቀማ ልጅ አቤቱታ እንዲጻፍለት ይረዳሉ። ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሄዳችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ። ይሄን ያህል ጠቃሚ ነገር እንዴት ይሄን ያህል ሰው እንደማያውቀው አይገባኝም።

በሌላ አገር ይሄን ሁሉ የሚያገናኝ ሰው አለ ይባላል፣ ሶሻል ወርከር። እኛ ጋም ሙያው በንጉሡ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ነበር፣ ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፣ እንደገና የተከፈተው በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። ወደ 30 ዓመት ተዘግቶ ቆየ ማለት ነው። አሁን ጎንደርም ያስተምራል፣ ልጆቹ ይመረቃሉ፣ ተመርቀው ግን ብዙዎቹ ሥራ ይፈልጋሉ። ቀበሌ ውስጥ ደግሞ አንድ ባለሙያ የሴቶችንም የሕፃናትንም የአረጋውያንንም የአካል ጉዳተኞችንም ጉዳይ ይዞ፣ በላዩ ሪፖርትና ስብሰባ ተጨምሮበት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ይውላል። ቤት ለቤት ይዙር ብትሉት በምን ጊዜው? በምን ትራንስፖርቱ? ሰውየውን አልፈርድበትም። የሚዞር ሰው በሌለበት ግን ማወቅ ያለበት ጎረቤት ብቻ ይሆናል፣ እና ጎረቤት የሚያውቀው የሚያውቀውን ነው።

ስለዚህ በእድራችን አንድ ነገር ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቤያለሁ። ሁለተኛ መዝገብ ይከፈት ነው የምለው። መግቢያ የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ ድንኳንም ሆነ የቀብር ገንዘብ አያስገኝም። በሰፈራችን የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ተከራዩም፣ ተፈናቃዩም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ በየቤቱ እየተዞረ ስሙ ይጻፍበታል። ምን ያህል ጊዜ እንደኖረ፣ ማን እንደሚያስታምመው፣ መታወቂያና መድህን እንዳለው ይመዘገባል። በመዋጮ ምክንያት የተሰረዙትም ወደዚህ ይዛወራሉ እንጂ ከናካቴው አይጠፉም። የጤና መድህን ምዝገባና የሴፍቲኔት ምርጫ ሲመጣ መዝገቡን ይዘን ስብሰባ እንገባለን፣ መታወቂያ ለሚፈልገው ደግሞ በማህተማችን እንመሰክራለን።

ገንዘብ ያዣችን ተቃወሙ። «ዛሬ ስም ጻፍን እንላለን፣ ነገ ሲሞቱ ቅበሩን ቢሉንስ?» አሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ብሩ የሳቸው ጥንቃቄ ባይኖር ዛሬ ባልነበረ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ተከራይ ሲመዘገብ አከራዮች ይጣሉናል አሉ፣ እሱም እውነት ነው፣ ጉባኤው ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ አከራዮች ናቸውና። የግብሩ ፍርሃት እስካለ ድረስ መዝገቡ ላይ «ተከራይ» የሚለውን ትተን «ነዋሪ» ብቻ ብንጽፍስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጉርምርምታ ሆነ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተባለ።

እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእናንተ እድር አባል ያልሆነን ሰው የሚረዳበት፣ ወይም መዋጮ ያቃተውን ሳይሰርዝ የሚያቆይበት መተዳደሪያ ደንብ ካለው፣ የደንቡን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። ከየትም ከተማ ይሁን። ገንዘብ ያዣችን በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም፤ ማህተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ ግን ይለሳለሳሉ።